የዚያን ቀን ተረኛ

መስከረም 3

ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር ብዕር አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ዝለለው።

አዎ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። አዎ፣ እማዬ ደህና ናት፤ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ "ልጄ እህል ይቀምሳል ወይ?" እያለች ስላንተ ትጠይቃለች። አዎ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ተመልሳለች። ስልክህን ለምን እንደማላነሳም ጠይቀኸኛል። የማላነሳው በስልክ ስለምታመልጠኝ ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ሲጨንቅህ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ "መስመሩ ይቆራረጣል" ትላለህ፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። በወረቀት ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያ አጣሪ ኮሚቴ ስለ አውሮፕላኑ አደጋ የመጀመሪያ ሪፖርቱን አውጥቷል። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው አንብቤ የጨረስኩት። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ምን ይላል መሰለህ? ባሌ፣ የልጄ አባት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያበር አንዲት ጎማ ያላፈነዳ ካፒቴን፣ "በከባድ ጉምና ዝናብ ውስጥ፣ በማረፊያው ሰዓት ከሥራ ውጭ የሆነ የግል ወሬ እያወራ፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ሳያደርግ ወረደ" ይላል። የግል ወሬ! እሱ ነው ወሬ የሚያወራው? እራት ላይ እንኳ "ጨው አቀብይኝ" ለማለት ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው! ሠላሳ አንድ ሰው ያለቀው ባሌ ወሬ ሲጠርቅ ነው አሉ። እሱ ራሱ ከሠላሳ አንዱ አንዱ መሆኑን ረስተውታል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ልንገርህ? ሁለት ትምህርት ቤቶች የዩኒፎርም ትእዛዛቸውን አንስተዋል። አንዷ ሴትዮ ገና ያልተቆረጠ ጨርቋን ከመደርደሪያዬ ላይ ራሷ አውርዳ ወሰደችው፣ እኔ እዚያው ቆሜ እያየኋት። ልጄን ክፍል ውስጥ "አባትሽ ስንት ሰው ጨረሰ?" ብለዋታል። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ መጣች፤ ያቺ ነርስ ልጇ እዚያ አውሮፕላን ውስጥ የሞተችባት። ልጅቷን ታስታውሳታለህ፣ የምረቃ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። እናትየው የልጇን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ስፌት መኪናዬ ላይ፣ መርፌው ሥር አስቀመጠችው። "ባልሽ ምን እያወራ ነበር?" አለችኝ። ምን ልበላት? አላውቅማ! ፎቶውን ትታልኝ ሄደች።

አንተ ግን የምትሠራው እዚያው፣ አውሮፕላኑ የወደቀበት ማረፊያ ነው። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆመህ አየሁህ። "ተረኛ አልነበርኩም እታለም፣ ምንም አላየሁም" አልከኝና በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ወጥተህ እግሬ አውጪኝ አልክ። ይሁን። ተረኛ ባትሆንም የሰማ ጓደኛ አይጠፋህም። እናንተ የአየር ሁኔታ የምትመዘግቡበት ክፍልና አውሮፕላን የሚያናግሩት ሰዎች ያሉበት ማማ አንድ ደረጃ ነው የሚለያችሁ፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ። ጠይቅልኝ። ባሌ በመጨረሻዋ ሰዓት ምን አለ? ለማን? ጥቅምት 19 ኮሚቴው የሟች ቤተሰብ ባለበት ክፍት ስብሰባ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ይታተማል፣ አበቃ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከነውሸቷ ስትታተም ዝም ብዬ አላይም።

እህትህ


መስከረም 14

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

ሰላምታውን ዝለለው ብትዪኝም መዝለል አልቻልኩም። እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንደምን ናት? ጉልበቷን ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ያዙላት፤ እዚህ አንዲት ሐኪም እንደዚያ ብላኛለች። ልጅሽን ሳሚልኝ። ባለቤቴና ልጆቼ በጣም ናፍቀውሻል። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዝናቡም እንደ ጉድ ነው የሚወርደው፣ የቢሯችን ጣሪያ እያፈሰሰ መዝገብ ከቦታ ቦታ ስናዞር ነው የምንውለው። አንዱ ባልደረባችንም ታሞ የእሱን ፈረቃ እየሸፈንኩ ነው። ሁሉም ተደራርቦብኝ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም።

ጠይቅልኝ ያልሽኝን ጠይቄአለሁ። ብዙም የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ያወራል። እኔ እስከማውቀው ግን ወሬ የሚባል ወሬ አልነበረም። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፣ እሱንም ድምፁ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ፣ መጨረሻ ላይም ሳቅ ብሎ ነው። የመደንገጥም የመዘናጋትም ነገር አልነበረበትም። ይህ ትንሽ ያጽናናሽ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ምን ብሎ እንደጠየቀ በትክክል የሚያስታውስ የለም።

እታለም፣ ካላስቀየምኩሽ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስብሰባው ላይ ባትገኚ ይሻልሻል። እዚያ የሚባለው ሁሉ ቁስልሽን መነካካት ነው። ጋሼን የሚመልሰው ነገር የለም። ሱቅሽን ክፈቺ፣ ሰው ይረሳል፣ ትእዛዙም ይመለሳል። እኔም በቅርቡ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ።

አክባሪሽ ወንድምሽ


መስከረም 22

አንተ!

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አለቀስኩ። ሁለተኛ ሳነበው አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ሦስተኛው ላይ ደሜ ፈላ።

"ድምፁ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ፣ መጨረሻ ላይም ሳቅ ብሎ" አልክ። ማን ነው የነገረህ? ምን እንደጠየቀ የሚያስታውስ የለም፣ እንዴት እንደሳቀ ግን የሚያስታውስ አለ? ባሌ ሲስቅ ለአንዲት አፍታ በአፍንጫው ነው የሚስቀው፤ ያንን ሳቅ ነው የሚለው ከቤተሰብ ሌላ ሰው የለም። ባዳ ቢሰማው "ተነፈሰ" ነው የሚልህ። አንተ ነህ የሰማኸው። በጆሮህ ነው የሰማኸው!

እኔ ጅል አይደለሁም። ጨርቅ ስቀድ ስለምውል የማላስብ መስሎሃል? ስለ ሐኪምህና ስለ ጣሪያህ ገጽ ሙሉ ስትጽፍልኝ፣ ስለ ባሌ አራት መስመር! ከዚያ ደግሞ "ስብሰባው ላይ ባትገኚ" ትለኛለህ። ሱቄን ልክፈት? ተከፍቷልኮ፣ ሰው ነው የማይገባው!

እማዬ ትናንት "ወንድምሽን አትጨቅጭቂብኝ፣ እሱም ሐዘን ላይ ነው" አለችኝ። ቆሽቴ አረረ። ምን እንደያዝክ ብታውቅ እሷ ናት አንጠልጥላ የምትጠይቅህ። እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። እኔም ገና አላወቅኩትም፣ ግን አንድ ነገር መኖሩን አውቄአለሁ።

ልጠይቅህ፣ በአጭሩ መልስልኝ። ያን ቀን የት ነበርክ? ባሌ ምን ብሎ ጠየቀ? ማንን?

ለጉልበት ስለሚሆን ጨርቅ አንዲት ቃል ብትጽፍልኝ ደብዳቤህን ሳልጨርስ ምድጃ ውስጥ ነው የምወረውረው።


ጥቅምት 2

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህ ሰባተኛው ነው።

ተረኛው እኔ ነበርኩ።

ቀብሩ ላይ ዋሸሁሽ። ያንቺን ዓይን እያየሁ ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሥራችንን ሳታውቂ ጥፋቴ አይገባሽም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ጉም ሲሆን አብራሪው ምን ያህል ርቀት ማየት እንደሚችል የምንለካው በዓይናችን ነው። መሣሪያው ከተበላሸ አራት ዓመቱ ነው። በመስኮታችን አጠገብ አንድ ሰንጠረዥ በሚስማር ተመትቷል። የመብራት ምሰሶው አራት መቶ ሜትር፣ የውሃ ታንከሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ የዱቄት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሦስት ሺህ ይላል። በመስኮቱ እናያለን፣ የታየንን እናመሳክራለን፣ ቁጥሩን እንጽፋለን፣ ማማው ለአብራሪው ይነግረዋል። ለማረፍ ቢያንስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ አውሮፕላኑ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌው ታንከር ዝጎ ፈረሰና አዲሱን ወደ እኛ አቅርበው ሠሩት። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ነው፣ አቅጣጫውም ያው ነው። ርቀቱ ግን ሰባት መቶ ሜትር ነው። ሰንጠረዡ አልተቀየረም። አለቃችን፣ ማኅተሙን ከኪሱ ስለማያወጣ "ማኅተሜ" የምንለው ሰውዬ፣ "ሰንጠረዥ የሚቀየረው ከዋናው መሥሪያ ቤት ቀያሽ መጥቶ ለክቶ ማኅተም ሲያርፍበት ነው" አለን። ሦስት ጊዜ ጻፍን። ቀያሽ አልመጣም። እኛም በቃል ተስማማን። ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብ "ታንከሩ ሰባት መቶ ነው" ይለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሠራን። ወረቀት ላይ ግን የትም የለም።

ያን ቀን ጠዋት ሁለት አውሮፕላን መልሼ ነበር። ታንከሩ በጉሙ ውስጥ እንደ ጥላ ሆኖ ይታየኛል፣ ከእሱ ወዲያ ምንም የለም። ሰባት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሜ እያለከለከ መጣ። መንገደኛው አዳራሹን ሞልቶ ይጮኻል፣ እሱንም ከላይ በስልክ ሙልጭ አድርገው ሰድበውታል። "ታንከሩ ይታይሃል?" አለኝ። "ይታየኛል።" "ሰንጠረዡ ስንት ይላል?" "አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ግን እኮ..." "ሰባት መቶ የሚል ወረቀት አሳየኝ" አለኝ። ምን ላሳየው? አሳምሮ የሚያውቀውን ነገር ወረቀት አምጣ ይለኛል። እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሰባት መቶውን ሰረዝኩት። አንድ ሺህ አምስት መቶ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሱ ማኅተሙን መታበት። እጄን ይዞ ያስጻፈኝ ማንም አልነበረም፣ እታለም።

ሩብ ሰዓት ቆይቶ የጋሼ አውሮፕላን ደረሰ። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ማማውና አብራሪው የሚነጋገሩትን የምታሰማ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። ጋሼ ጉሙን ከላይ ሲያየው አላመነም። "ይህ ነገር ከዚህ ሲታይ አንድ ሺህ አምስት መቶ አይመስልም" አለ። ቀጥሎም "ለመሆኑ ዛሬ የአየር ሁኔታ ተረኛው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። ማማው ላይ ያለው ሰው "የባለቤትህ ወንድም ነው" አለው። ያኔ ነው ጋሼ የሳቀው። "እንግዲያው ልክ ነው፤ እሱ ቁጥር አይሳሳትም። እወርዳለሁ" አለ።

ኮሚቴው የግል ወሬ ያለው ይህንን ነው።

ከዚያ ማማው ደወለልኝ። "ቁጥሩ የቅድሙ ነው?" አለኝ። ስልኩን ይዤ ታንከሩን አየሁት። አይደለም ማለት እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። "የቅድሙ ነው" አልኩት።

ኮሚቴው ሲጠይቀኝ "በሰንጠረዡ መሠረት ጻፍኩ" አልኩ። ወረቀቱ ሁሉ እርስ በርሱ ይስማማል። ሰንጠረዡ፣ መዝገቡ፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ። ወጥቶ ታንከሩን የለካ የለም። ፈራሁ። ልጆቼን አሰብኩ፣ እማዬን አሰብኩ። አንቺንም አስቤሻለሁ፤ ግን ፍርሃቴ በለጠ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 6

ደርሶኛል።

አትጻፍልኝ። አትደውልልኝ። እማዬ ስትጠይቀኝ "ደህና ነው" ብያታለሁ፤ ለእሷ ብዬ እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም።


ጥቅምት 10

እታለም፣

አትጻፍልኝ ብለሽኝ ስለጻፍኩ ይቅርታ። እማዬ ደውላልኝ ነው። ሱቅሽን ከዘጋሽ አራተኛ ቀንሽ እንደሆነ፣ ቁራሽ እንጀራ እንኳ በአፍሽ እንዳልዞረ ነገረችኝ። "ምን አድርገሃት ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ላይ ጮኻ አታውቅም።

ማኅተሜ ቢሮው አስጠርቶኝ ነበር። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሪፖርቱ ከታተመ በኋላ ክፍሉን ለእኔ ሊያስረክበኝ እንዳሰበ ነገረኝ። "አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ ነገር አታብዛ" አለኝ። እሺም እምቢም አላልኩትም።

የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ደብዳቤዬ በእጅሽ ነው፣ የእጅ ጽሑፌም ፊርማዬም አለበት። ከፈለግሽ ለኮሚቴው ስጪው፤ አልክድም፣ አልከራከርም። ከፈለግሽ አቃጥዪው። እኔ አንቺ የፈረድሽብኝን እቀበላለሁ። ከአንቺ የተሻለ ፈራጅ የለኝም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 13

አየህ! አየህ እንግዲህ ይህንን!

አንቺ ፍረጂ አልከኝ? በጣም ጥሩ! ያን ቀን ማኅተሜ ወሰነልህ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ልወስንልህ? ደብዳቤውን ለኮሚቴው ብሰጥ ለእማዬ ልጇን ያሳሰርኩባት እኔ ነኝ። ባቃጥለው የልጄን አባት ነፍሰ ገዳይ አድርጌ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አንተ በሁለቱም በኩል "እህቴ የፈረደችብኝን ተቀበልኩ" ብለህ ቁጭ! ትሕትና መስሎህ ከሆነ አይደለም። ፍርሃት ነው፣ ያው የድሮው ፍርሃትህ፣ ሰላምታ አሳምረህ የጻፍከው።

አራት ቀን ሙሉ ሱቅ ዘግቼ ምን ሳደርግ እንደነበር ልንገርህ። ስናደድ ነበር። አልቅሼ አልወጣልህ አለኝ። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ሰባት መቶ ሜትር ተራምዶ፣ ቁጥሯን በእስክሪፕቶ ሰንጠረዡ ላይ መጻፍ አቃተው? እኔ የመለኪያ ሜትሬ በእርጅና ሲለጠጥ ቆርጬ ነው የምጥለው፣ ማንንም አላስፈቅድም። አምስት ሳንቲሜትር ብሳሳት የአንድ ልጅ እጅጌ ያጥራል፣ እናቱ መጥታ ትጮህብኛለች፣ ልክም ናት። እናንተ ስምንት መቶ ሜትር አጥፍታችሁ "በቃል ተስማማን" ትሉናላችሁ! ማኅተም ጠበቅን ትሉናላችሁ! የዚያን ሰውዬ ማኅተም በአፉ ያጉርሰው።

ግን እሱ ላይ መናደድ ይቀለኛል። እሱን አላውቀውም። አንተን ነው የማውቀው።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝን ደግሞ ስማ። "እሱ ቁጥር አይሳሳትም" ያለው ባሌ ያንን ከየት ያመጣው ይመስልሃል? ከእኔ ነው! ገና ስንተጫጭ ጀምሮ፣ "ወንድሜ እኮ ሒሳብ ላይ አንደኛ ነው፣ ወንድሜ እኮ ቁጥር አይሳሳትም" እያልኩ ጆሮውን ሳደነቁረው የኖርኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ ጉሙን አይቶ አይሆንም ብሎት ነበር። ዓይኑን ትቶ እኔን አመነ። ይህን ይዤ እንዴት ልተኛ? አንተስ እንዴት ተኛህ?

ደብዳቤህን መልሼልሃለሁ፣ ከዚህ ጋር ታጥፎ አለልህ። ኮፒ አላደረግኩትም። ለእማዬ አላሳየሁም። ለኮሚቴው አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። ጥቅምት 19 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እቀመጣለሁ። ያቺ ነርስ ልጇ የሞተችባት እናትም ትኖራለች፣ የሌሎቹም ቤተሰቦች ይኖራሉ። ራስህ ተነስተህ በራስህ አፍ ተናገር። ካልሆነም ዝም በልና ማኅተሜ የሰጠህ ወንበር ላይ ቁጭ በል፤ እኔ እስከ ዕለተ ሞቴ አንዲት ቃል አልተነፍስም። የባሌን ስም ተሸክሜ እኖራለሁ፣ ልጄንም እንደዚሁ አሳድጋለሁ። ግን ያኔ ወንድም የለኝም።

ለምነኸኛል፣ እኔ ግን አልወስንልህም።


ጥቅምት 27

እታለም፣

የምጽፍልሽ ከፖሊስ ጣቢያ ነው። ባለቤቴን "ጠበቃ ይፈልጋል ወይ?" ብለሽ እንደጠየቅሻት ነገረችኝ። አንዱ ባልደረባዬ አግኝቶልኛል፤ አትቸገሪ። ስለ ምግብም ጠይቀሻል አለችኝ። ይገባልኛል፣ እበላለሁ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አይተሻልና አልደግመውም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሽ። አላየሁሽም ብዬ አልዋሽም፤ ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት አንቺን ነው፣ አንቺ ግን ወለሉን ነበር የምታዪው። ማኅተሜ "ይህ ልጅ ከአደጋው ወዲህ አእምሮው ተነክቷል" ሲል ተነስተሽ ወጣሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስላላየሽ እሱን ልንገርሽ።

በፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩት ሌሎቹ የአየር ሁኔታ ታዛቢዎች ተነሱ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። "ታንከሩ ሰባት መቶ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን" አሉ። ሰብሳቢው ስብሰባውን አቋርጦ አምስት ሰው ወደ ማረፊያው ላከ። በዝናብ ለኩት። ስድስት መቶ ዘጠና ሜትር ሆነ። ሁለት ዓመት የጠበቅነው ልክ ከአርባ ደቂቃ በላይ አልወሰደም። ማኅተሜን በዚያው ቀን ከሥራ አገዱት፤ ትናንት ደግሞ ከእኔ ሁለት ክፍል ራቅ ብሎ አስገብተውታል። ሲያልፍ ያየኛል፣ አያናግረኝም።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። ያንን ስል እንደገና አንቺ ላይ ሸክም መጣል ነው። ጋሼ ያለውንም ነገርኳቸው፣ ቃል በቃል። ድምፄ ተቆራረጠ፣ ግን ጨረስኩት።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለእማዬ ምን አልሻት?

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ፣

ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት። አስቀምጬ፣ እጇን ይዤ፣ ከታንከሩ ጀምሬ። መሀል ላይ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን ከእጄ አወጣች። "አማቼን ልጄ ነው የገደለው በይኛ" አለች። አዎ አልኳት፤ ምን ልበል? ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በነጋታው ጠዋት ተነስታ "ብርድ ልብስ አላቸው ወይ እዚያ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምትፈልገውን መልስ ከዚያ ጥያቄዋ ውስጥ አግኘው።

ሪፖርቱ ታትሟል። ያቺ ዓረፍተ ነገር የለችም። በእሷ ቦታ "ካፒቴኑ ስለ እይታው ርቀት ጥርጣሬውን ገልጾ ማረጋገጫ ጠይቋል፤ የተሰጠው ማረጋገጫ ግን የተሳሳተ ነበር" ይላል። ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወረቀቱን ከእጄ ቀማችኝና ለራሷ ደግማ አነበበችው፤ በማግስቱ በደብተሯ መሀል አድርጋ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። አንዱ ትምህርት ቤት ትእዛዙን መልሷል። ይቅርታ ግን አልጠየቁኝም፣ "በስህተት ነበር" ብለው ነው። ስህተት የሚለውን ቃል ከዚህ ወዲያ መስማት አልፈልግም።

ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ጎረቤቴም ሄጃለሁ። ሪፖርቱንና የልጇን ፎቶ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። "ይህ ተረኛው ታዛቢ የሚለው ማነው?" አለችኝ። ስምህ እዚያ ላይ የለም፣ አላውቅም ማለት እችል ነበር። "ወንድሜ ነው" አልኳት። "ስብሰባው ላይ ተነስቶ የተናገረው ልጅ? እሱ ያንቺ ወንድም ነው?" አለች። "እሱ ነው" አልኳት። ፎቶውን ተቀበለችኝ። የምትለው ነገር ያለ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። በሩን ዘጋችብኝ። አልፈረድኩባትም፣ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

አሁን ስላንተ። ባለቤትህ "እታለም ይቅርታ አድርጋልህ ይሆን?" እያልክ እንደምትጨነቅ ጻፈችልኝ። አላደረግኩልህም። አታስጠይቀኝ። የባሌ ኮት አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አለ፣ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዳንድ ቀን በማኅተሜ ላይ ነው የሚፈላው፣ አንዳንድ ቀን በዋናው መሥሪያ ቤት ላይ፣ ብዙውን ቀን ግን ባንተ ላይ ነው። ይህ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም። እንደማያልቅም ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እማዬ ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ጉልበቷ ያለ ደጋፊ አውቶቡስ ላይ አያወጣትም፣ ብቻዋንም አልለቃትም። መግቢያው ቅዳሜ ከጠዋቱ ነው አሉኝ። ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሹራብና የእግር ሹራብ እንይዝልሃለን። ሹራቦቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በላይ ነገር አታስብ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እማዬን እቀፋት፣ ታልቅስልህ። እኔን ግን እንዳታቅፈኝ፤ ገና ነኝ።

እህትህ